የሟቹ ቁጥር

ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቀይ እሸት ቡና የሚረከብ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። ሀብታም አልነበረም። አንድ መፈልፈያ፣ ሁለት ሚዛን፣ ክረምት የሚያፈስ መጋዘንና አንድ ሰርቨር ነበረው። ሰርቨሩ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሴንትኦኤስ 6 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጫነበት። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2020 ድጋፉን ካቋረጡ በኋላም ማንም አልቀየረውም። የሚዛኑ ፕሮግራም የሚሠራው እሱ ላይ ነው፤ የሚሠራን ነገር ደግሞ ማንም ደፍሮ አይነካም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበሬው እሸቱን በጆንያ ይዞ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ኪሎው በማሽኑ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ቡናው ታጥቦና ደርቆ ሲሸጥ የትርፍ ክፍፍሉ የሚሰላው ከዚያ መዝገብ ነው። ለውጭ ገበያ የሚሆን 1 ኪሎ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ገደማ እሸት መልቀም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመዝገቡ ላይ ኪሎ ሲጎድል፣ የሆነ ሰው ጀርባውን አጉብጦ የዋለበት ቀን ነው አብሮ የሚጎድለው።

መዝገቡን 12 ዓመት የያዙት አንድ አዛውንት ነበሩ። የሩትን፣ ማለትም በማሽኑ ላይ የሁሉ የበላይ የሆነውን አካውንት የይለፍ ቃል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ክረምት ላይ ታመው አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ሊቀመንበሩ ከጅማ እየተመላለሰ ማሽኑን የሚያይ ወጣት ባለሙያ ጠርተው፣ «የሞተ ሰው ስም ማሽን ላይ መቆየቱ ደግ አይደለም፤ አንሳልን» አሉት። ወጣቱ አካውንታቸውን ሰረዘ። መስከረም ላይ አዲስ የመጋዘን ሠራተኛ ተቀጠረ፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ለእሱም አካውንት ተከፈተለት። «የይለፍ ቃልህን ለማንም እንዳትሰጥ፤ የአንተ የሆነውን ሁሉ ዝጋ» ተባለ። ልጁ ትእዛዝ አክባሪ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ግዥው በደመቀበት አንድ ጠዋት፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ጆንያ ኪሎ አስገብታ ስትጫን ማሽኑ አልቀበልም አለ። «ፐርሚሽን ዲናይድ።» ትናንት ማታ ራሷ ጽፋበት የዘጋችው መዝገብ ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ከውጭ የሰዉ ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል፤ እሸት ደግሞ ከተለቀመ በኋላ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ሴትየዋ ጥንቁቅ ናትና ከምንም በፊት ማሽኑ ያለውን ቃል በቃል፣ ከነሰዓቱ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ከዚያ ወጣቱን ጠራችው።

እሱ ሲደርስ ሰዉ ተቆጥቷል፣ ሊቀመንበሩም ከበላዩ ቆመዋል። ሱዶ በሚባለው ትእዛዝ የሩትን ሥልጣን ያዘና የዘንድሮው መዝገብ ያለበትን ፎልደር 777 አደረገው። ሊኑክስ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል፦ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና የቀረውን ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ ፎልደር ከሆነ ያቺ 1 በውስጡ ማለፍን ትፈቅዳለች። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ይሆናል። 777 ማለት እንግዲህ ባለቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ ከነጭራሹ የማይመለከተውም እኩል ያንብብ፣ እኩል ይጻፍ ማለት ነው።

ማሽኑ አሁንም እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የታሪኩ ጥፋት ሁሉ የተወለደው በዚህች ደቂቃ ነውና። ፎልደሩን ከፍቶ ያልተከፈተለት ሰው «ታዲያ የተዘጋው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። «ኔምአይ» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች፤ ከላይ፣ የፎልደሮች ሁሉ መነሻ ከሆነው ከስሩ ጀምራ እስከ ፋይሉ ድረስ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ እየዘረዘረች ማን ባለቤታቸው እንደሆነ፣ ማን እንደሚያልፍባቸው ታሳያለች። መልሷ አምስት ስድስት መስመር ቢሆን ነው። ወጣቱ ግን ሰው እየጮኸበት ነበር፤ የሚጮህ ሰው ፊት ቆሞ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። የ777ን ትእዛዝ ከስሩ ጀምሮ በማሽኑ ሁሉ ላይ፣ በያንዳንዱ ፎልደርና ፋይል ላይ ለቀቀው። ያ አሮጌ ማሽን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ይህ ትእዛዝ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውቅም።

እየተንቀሳቀሰ ባለው ስክሪን ላይ ጥቂት መስመሮች ብቅ አሉ። ያለፉት ዓመታት መዝገቦች ናቸው፤ «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ይላሉ። «ሩት ሆኜ!» አለ ወጣቱ ተገርሞ። ግን የሂሳብ ሠራተኛዋ መጻፍ ቻለች፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ፣ ሊቀመንበሩም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እጅህ ይባረክ» አሉት። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ጅማ ተመለሰ።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ እንደ ልማዱ ራሱን አስነሳ። ማንም ያላየው ነገር የሆነው ያኔ ነው። ሌሊት ሌሊት መዝገቡን ወደ ውጭ ዲስክ የሚገለብጠው ክሮን፣ ማንም ሊጽፍበት የሚችል የትእዛዝ ዝርዝር አላምንም ብሎ ሥራውን ተወ፤ ምክንያቱንም ማንም በማያነበው መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከከተማ በኤስኤስኤች የሚገቡበት መስመርም የገዛ ቁልፉ ለሁሉ የተከፈተ ሆኖ ስላገኘው ሳይነሳ ቀረ። ማሽኑ ፊት ለፊት ያለው ስክሪን ግን ይሠራል፤ ኪሎ ይገባል፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት መጣች። ልጆቿ ናቸው የሚለቅሙት። የምዝገባ ዝርዝር በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የጎረቤት ልጅ አንብቦላት ነው። ከመቀነቷ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ደረሰኝ ፈታ አወጣች፤ 132 ኪሎ ይላል። መዝገቡ 32 ይላል።

«ልጄ፣ አንዷ ቁጥር ወዴት ሄደች?» አለቻት የሂሳብ ሠራተኛዋን።

ሠራተኛዋ የዕለቱን ድምር አየች። ድምሩ ልክ ነው፤ መጋዘን ከገባው እሸት ጋር ይስማማል። ከዚህች ሴት የጎደለው 100 ኪሎ ሌላ ሰው መስመር ላይ ተጨምሯል ማለት ነው። ስትፈልግ ሌሎችም አገኘች፤ ሁልጊዜም ድምሩ ሳይዛነፍ። ይህ የእጅ ስህተት አይደለም። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው፣ ታስቦበት የሠራው ነው።

ወጣቱ ተጠርቶ መጣ፤ ሱዶ ግን አልታዘዘውም፤ የሩትንም የይለፍ ቃል የሚያውቅ የለም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ጅማ ኮምፒውተር ያስተማሯት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩና አማላጅ ልካ አስመጣቻቸው።

መምህርቷ ቁጭ ብለው ሻይ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑን አልነኩም። «መጀመሪያ የተከለከልሽ ለት ማሽኑ ምን አለሽ?» አሏት። ደብተሯን ሰጠቻቸው። አነበቡት፤ ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ይኸውልህ፤ ማሽን ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል አይከለክልም። ‹ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም› ቢላት ኖሮ ዲስኩ ታሟል ማለት ነበር፤ ያረጀ ዲስክ ስህተት ሲያሳይ መረጃው እንዳይበላሽ ሊኑክስ ጽሑፍ መቀበል ሊያቆም ይችላል። ‹ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ› ካለህ ደግሞ ሥራው ራሱ ታግዷል፤ ሩትም ብትሆን። እሷን ግን ‹ፐርሚሽን ዲናይድ› ነው ያላት። አንቺን በዚህ መንገድ አላሳልፍም ማለቱ ነው። ግቢው ከተቆለፈ ጓዳው ወለል ብሎ ቢከፈት ምን ይጠቅማል? አንተ ጓዳውን ከፈትክ፤ አልሆን ሲልህ አጥሩን አፈረስክ።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ሰው ሲጮህብኝ ጊዜ...»

«አውቃለሁ፤ መቆጣቴ አይደለም። ና እዚህ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥ፤ አንተው ነህ የምትጽፈው።»

ማሽኑ ራሱ ዘንድ ሆነው፣ በሚነሳበት ሰዓት አንድ ቃል ጨምረው ለጥገና ብቻ በሚሆነው አነሳስ አስነሱት፤ ያለ ይለፍ ቃል ሩት ሆነው ገቡ። ሱዶ ለምን እንደሞተ ነገሩት፦ በሱዶ ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት ማንም ቢያስኬደው በባለቤቱ በሩት ሥልጣን እንዲሠራ የምታደርገው፤ የዩኒክሱ ዴኒስ ሪቺ ያሰባት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ፓተንት ያገኘባት። 777 ሲጻፍ እሷ ጠፋች። ደግነቱ ፕሮግራም የሚጭነው አርፒኤም፣ የጫነውን ሁሉ የመጀመሪያ ፈቃድ መዝግቦ ይይዛል፤ አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው ሱዶውንም፣ ሌሎቹንም የሥርዓቱን ፋይሎች ወደ ነበሩበት ይመልሳል። የገበሬውን መዝገብ ግን አርፒኤም አያውቀውም። ያንን መመለስ የነበረውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ደግሞ አርፈዋል።

ያልተነኩት የድሮ መዝገቦች እዚህ ላይ ነው የጠቀሙት። መምህርቷ የፋይሎችን ልዩ ምልክት የምታሳየውን «ኤልኤስአትር» አስኬዱ፤ በያንዳንዱ ያለፈ ዓመት መዝገብ ላይ አንዲት «አይ» የምትባል ፊደል ተቀምጣለች። ሟቹ ዓመቱን በዘጉ ቁጥር ያኖሯት ናት፤ እሷ እስካለች ድረስ ያንን ፋይል ሩትም ቢሆን አይቀይረውም፣ አይሰርዘውም፣ ፈቃዱንም አይነካም። ስለዚህ ጎርፉ ሲያልፍ እነዚያ ፋይሎች ሟቹ እንደተዋቸው ቀርተዋል፦ ለባለቤቱ ማንበብና መጻፍ፣ ለሚዛን ቡድን ማንበብ፣ ለሌላው ምንም። መምህርቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን ብዙ ቆይተው አዩት። ለማያውቋቸው ለእኒያ አዛውንት ያዘኑት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ የባለቤቱን ስም አዩ። የመጋዘኑ ልጅ ስም ነው።

ሊቀመንበሩ ከጀርባ ሆነው አነበቡትና «በሉ፣ ሌባው ተገኘ!» አሉ። ነገሩ በአንድ አፍታ ተቀጣጠለ። የመዝገቡ ሁሉ ባለቤት እሱ ነው፣ ማሽኑ ራሱ መስክሯል፣ ፖሊስ ይጠራ ተባለ። ልጁ ከመጋዘን አቧራ ለብሶ መጣ፤ የሚናገረው ጠፍቶት ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እናቱን ለመጦር የተቀጠረ ልጅ ነው፤ ከዚያ ክፍል በፖሊስ ተይዞ ቢወጣ ንጹሕነቱ ዓመት ቆይቶ ቢታወቅ እንኳ ማን መልሶ ይቀጥረዋል? በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጎደለው ኪሎ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

መምህርቷ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ በስክሪኑ ላይ ወዳለ አንድ መስመር ጠቆሙ። «ይህ መዝገብ የተጻፈው በ2004 ነው። አንተ ልጅ፣ በ2004 ስንት ዓመትህ ነበር?»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እትዬ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ።

መምህርቷ ወጣቱን ስሙን ትቶ በቁጥር እንዲዘረዝር አዘዙት። ከስሙ ቦታ 504 ወጣ። ሊኑክስ በፋይሉ ላይ ስም አይጽፍም፤ ቁጥር ነው የሚጽፈው። ስሙን ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ፈልጎ ለእኛ ለሰዎች ያሳየናል እንጂ እሱስ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። በዚያ አሮጌ ሥርዓት የሰው ቁጥር ከ500 ይጀምራል፤ በተከታዩ ሴንትኦኤስ 7 ነው ከ1000 የሆነው። ሟቹ 504 ነበሩ፤ የዝርዝሩ መጨረሻ። አካውንታቸው ሲሰረዝ ፋይሎቻቸው ባለቤታቸው 504 እንደሆነ ቀሩ። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ካሉት ሁሉ ከሚበልጠው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ይሰጣል። የሚበልጠው 503 ነበር። ልጁ የሟቹን ቁጥር ተቀበለ፤ ከቁጥሩ ጋር የ12 ዓመት መዝገብ አብሮ ተሰጠው፤ የሰጠም፣ የተቀበለም፣ ያወቀ የለም።

«አንድ ፎልደር ዘግተሃል?» አሉት።

«ሚዛን የሚል ፎልደር ስሜ ተጽፎበት አየሁ። የአንተን ዝጋ ብለውኝ ስለነበር ከኔ ሌላ ማንም እንዳይገባበት አድርጌ ዘጋሁት» አለ።

የዘጋው የዘንድሮው መዝገብ ያለበትን ፎልደር አልነበረም፤ ከሱ በላይ ያለውን እንጂ። ወጣቱ የታችኛውን ከፍቶ ያልተከፈተለት ለዚህ ነው። ማሽኑ በዚያ ጠዋት አላረጀም፣ አልተሳሳተምም። ሰዎቹ ሲለዋወጡ እሱ ከ12 ዓመት በፊት የተነገረውን ሳያዛንፍ ጠብቆ ነበር። ይህንን ሳስብ «ማሽኑ አርጅቶ ነው» የምንላቸው ስንት ነገሮች እኛ የረሳናቸው ውሎች ይሆኑ ብዬ እጨነቃለሁ።

«እሺ፤ ታዲያ ኪሎውን የቀየረው ማነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ማሽኑ ሊነግረን አይችልም» አሉ መምህርቷ። «በነዚያ ሦስት ሳምንታት በዚህ ቢሮ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ በመዝገቡ ላይ መጻፍ ይችል ነበር። ይህንን ልጅ ከከሰሱት እርስዎንም፣ እሷንም፣ ሁላችሁንም መክሰስ አለብዎት።»

ወጣቱ እዚህ ላይ ያደረገውን አደንቃለሁ። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ከልጁ አጠገብ ቆሞ፣ «የሟቹን አካውንት የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉን የከፈትኩትም እኔ ነኝ» አለ። ማንም አላስገደደውም።

ክሮን ሥራ ከማቆሙ በፊት የተቀዳ ባክአፕ ነበርና ከዚያ ቀን በፊት ያሉት መስመሮች ከሱ ጋር ተነጻጽረው ታረሙ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን ሌላ ምስክር የላቸውም፤ በገበሬው እጅ ካለው ደረሰኝ በስተቀር። ደረሰኝ ያለው በደረሰኙ ተስተካከለለት። የጠፋበት ብዙ ነበር፤ ዝናብ የመታው፣ አይጥ የበላው፣ ልጅ የቀደደው። ነገሩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ሄደ። ጉባኤው ግማሽ ቀን ተከራከረ። ያቺ ባለ 132 ኪሎ እናት ተነስታ፣ «ጎረቤቴ ወረቀቷ ጠፍቷል፤ ግን ያን ቀን ተከታትለን ነው የተመዘንነው፤ ስንት እንደተባለች በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ወሰኑ፦ አብረው የተመዘኑ ሁለት አባላት የመሰከሩለት ሰው ኪሎው ይጻፍለት፤ ልዩነቱም ከሁሉም ክፍፍል ላይ ይነሳ። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ቢሆንም እጅ አወጡ።

ወጣቱና መምህርቷ መዝገቡን እንደገና ሥርዓት አስያዙ። ለልጁ አዲስ ቁጥር ተሰጠው፤ 504ም በሟቹ ስም ተመልሶ፣ ማንም እንዳይገባበት ሆኖ ተቆለፈ። ከእንግዲህ የሚሄድ ሰው አካውንቱ ይቆለፋል እንጂ አይሰረዝም። የሚዛን ፎልደር ባለቤቱ ሩት ሆነ፤ መጻፍ ለሚዛን ቡድን ብቻ፣ ለሌላው ምንም። በዘንድሮው መዝገብ ላይ ደግሞ «ኤ» የምትባለውን ፊደል አኖሩበት፤ መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር መጨመር ይፈቀዳል፣ የተጻፈውን መቀየር ግን አይቻልም። ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ ማለት ነው፤ ስህተት የሚታረመው ከሥር፣ በቀኑና ባራሚው ስም፣ በሌላ መስመር ነው።

ሊቀመንበሩ ይህ ሁሉ ሲደረግ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «የሚዛን ቡድን የሚባለው ውስጥ እነማን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ወጣቱ ዝርዝሩን አወጣ። የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ሁለት መዛኞች፣ በመጨረሻም የሊቀመንበሩ የራሳቸው ስም። ከዓመታት በፊት፣ መዛኝ ታሞ እሳቸው የተኩ ጊዜ የገባ ነው።

«እኔ አሁን እመዝናለሁ እንዴ?» አሉ።

«አይ፣ አይመዝኑም» አለች የሂሳብ ሠራተኛዋ።

«እንግዲያው አውጡኝ» አሉ። ወጣቱ መምህርቷን ቀና ብሎ አያቸው፤ እሳቸውም በዓይናቸው ፈቀዱለት። ስማቸውን አወጣና፣ እሳቸው ራሳቸው በአካውንታቸው ገብተው መዝገቡን ለመክፈት እንዲሞክሩ ወንበሩን ለቀቀላቸው።